ፊቱን ያዞረው ቀበሮ

የዘመሮ ከተማ ሰው ስለ ልብስ ሰፊዋ ጽናት እጅ ሲያወራ አፉን ሞልቶ ነው። ስለ ዘሯ ሲያወራ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች ዝቅ ካለች ድምፅ ነው።

ጽናት ከገበያው ዳር ባለች፣ ባለ አንድ በር የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሱሪ የጠበበው፣ የልጁ ዩኒፎርም የተቀደደበት፣ ለሠርግ ቀሚስ የቸኮለች ሁሉ ወደሷ ነው የሚመጣው። አባቷ አቶ ደመላሽ ሸማኔ ናቸው። የበግ ጠጉር ተፈትሎ ሲመጣላቸው ያንን ወፍራም የመንዝ ባና አድርገው ይሸምኑታል። በዚያ ብርድ አገር የደመላሽ ባና ያልገባበት ቤት የለም። ሰዉ ለብሶት ይተኛል፣ ልጁን ይጠቀልልበታል፣ ለቅሶ ይሄድበታል። ከሸማኔው ቤት ገብቶ እንጀራ መቁረስ ግን ነውር ነው። ቁጢት በጣሽ እያሉ ይሰድቧቸዋል፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይሏቸዋል፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጧቸው ፈንጠር ብለው ነው። ወይ ጉድ አትሉም? እኔም ብያለሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

ናሁሰናይ ደግሞ የእትዬ ጥሩሸዋ ልጅ ነው። እትዬ ጥሩሸዋ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የገብሱን ማሳና የበጉን መንጋ ብቻቸውን ይዘው ያቆዩ፣ በማኅበር ላይ ሲናገሩ ወንዱ ሁሉ ጸጥ የሚልላቸው ሴት ናቸው። ከሳቸው ቤት ለሸማኔ ዘር የሚዘረጋ መሶብ የለም። ልጃቸው ይህን እያወቀ ነው በሰኔ ዝናብ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ወደ ጽናት ሱቅ የገባው። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ከዚያ ሌላ። ከጎን ሽንኩርትና ጨው የምትቸረችረው አረጋሽ አንድ ቀን አንገቷን አስግጋ፣

“አንተ ልጅ፣ ሱሪህን እቤትህ ተቀምጠህ ራስህ ነህ እንዴ የምትቀደው?” አለችው።

እሱ ቀላ። ጽናት መርፌዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች፤ መርፌው ግን እጇ ላይ ነበር። ፍቅራቸው ስም ያገኘው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ስርቆሽ ነው። በገበያ መሀል ሲተላለፉ ዓይን ብቻ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዓይን ብቻ። ስልክ ሲደውልላት ከቤቱ ርቆ፣ ከገብሱ ክምር ኋላ ሆኖ ነው። ጽናት መጀመሪያ ላይ ስርቆሹ ጣፍጧት ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን መረራት።

በጥቅምት ወር ናሁሰናይ የጓሳ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ከከተማው በላይ ያለውን የጓሳ ሣር ያለ ጊዜው የሚያጭድ፣ ከብት የሚነዳ፣ እዚያ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ የሚነካ እንዳይገባ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ተቀጥሮ ወደ ሱቋ የመጣ ለታ ከብብቱ ሥር አዲስ አረንጓዴ ኮት ነበር፤ በእጁ ደግሞ በክር የተጠለፈ ክብ አርማ። አርማው ላይ ቀይ ቀበሮ እየተራመደ ነው።

“ልብሱንና አርማውን ለየብቻ ነው የሰጡን” አለ። “በግራ ክንዳችሁ ላይ አሰፍታችሁ ኑ አሉን።”

“እንግዲህ ለዚህ እንኳ የተቀደደ ሱሪ አላስፈለገህም” አለችው።

“ልበሰውና ቁም” ብላ አስቆመችው። ከትከሻው ስፌት ሦስት ጣት ዝቅ ብላ ለካች፣ አርማውን አስቀመጠች፣ በነጭ ክር ለጊዜው ወሰወሰችው። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው። ተመልሳ ትንሽ አቃናችው፤ እንደገና ራቅ ብላ አየችው።

“ምን ታያለሽ ይህን ያህል?”

“አፍንጫውን። ቀበሮው አፍንጫው አንተ ወደምትሄድበት መሆን አለበት። አርማው ለግራ ክንድ ተብሎ ነው የተጠለፈው። ስትራመድ አብሮህ ይራመዳል፤ ቦታውን ካሳትኩት ግን አንተን ጥሎ የሚሸሽ ነው የሚመስለው።”

እጇ ክንዱ ላይ ነበር። አላነሳችውም። እሱም አልተነቃነቀም። ከውጭ አረጋሽ ከአንዲት ሽንኩርት ገዢ ጋር ስትጨቃጨቅ ይሰማል፤ ለነሱ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ድምፅ ነበር።

“ከጥበቃዎቹ ምርቃት በኋላ ለእናቴ እነግራታለሁ” አላት። “ሽማግሌም እልካለሁ።”

“ይቺን ቃል በመስቀልም ሰምቻታለሁ።”

“አሁን እኮ ሥራ አለኝ ጽናት።”

ጽናት ኮቱን አስወልቃ ጭኗ ላይ አደረገችው። ፊቷን ሳታነሳ ተናገረች።

“ደብረ ብርሃን ያለችው ጓደኛዬ፣ በምትሠራበት ልብስ ፋብሪካ ቦታ አግኝታልኛለች። መልስሽን ንገሪኝ ብላ በየቀኑ ትደውላለች። እኔ አገሬን ለቅቄ መሄድ አልፈልግም ናሁ። ግን ተደብቄም መወደድ ሰልችቶኛል። ካንተ ሽማግሌ አልጠይቅም፣ ሠርግ አልጠይቅም። በምርቃቱ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ወደኔ መጥተህ እጄን ጨብጠህ እንደምን አደርሽ በለኝ። ሌላ ሰው እንደሚባለው። ይቺን ብቻ። እኔ ከዚያ በኋላ ዓመትም ቢሆን እጠብቅሃለሁ።”

“በማርያም እልሻለሁ” አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ተቀምጣ ሰፋችው። አርማውን ለመስፋት የስፌት መኪናዋን አላስነሳችም፤ በእጇ ነው የሠራችው። ከዳርቻው ጋር የሚመሳሰል አረንጓዴ ክር መርጣ፣ ጥልፉን በቀጭኑ እየያዘች፣ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ እየደበቀች ዞረችው። ስትጨርስ ነጩን ውስዋሶ መዘዘች። ስፌቱ ከላይ አይታይም፤ አርማው ከጨርቁ ጋር አብሮ የበቀለ ይመስላል። መዳፏን ላዩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፤ ደስ የሚል ሙቀት ነበር የተሰማት።

የምርቃቱ ቀን ሜዳው በሰው ሞላ። ካህናቱ ጥላ ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እናቶች ከፊት። ጽናት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አሳምራ፣ ከአረጋሽ ጋር ከዳር ቆመች። እጇን ታጥባ ቅቤ ቢጤ ቀብታው ነበር፤ የሚጨበጥ እጅ ነው።

የጥበቃዎቹ ኃላፊ ዱባለ የሚባለው ወፍራም ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ ልጆቹን አሰለፈ። እየተራመዱ በሰዉ ፊት አለፉ። የሁሉም ግራ ክንድ ላይ ቀይ ቀበሮ አብሮ ይራመዳል። ጽናት ናሁሰናይን ከሩቅ ለየችው። ግራ ጎኑን ወደሷ አድርጎ ነው የሚያልፈው። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ክንዱን ፈለገች።

ክንዱ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ዓይኗ የከዳት መስሏት ነበር። ሲቀርብ ግን መርፌዋ የገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ለየችው፤ ክቡ ምልክት ጨርቁ ላይ ቀርቷል። ሰልፉ ዞሮ ሲመለስ ቀኝ ክንዱን አየች። አርማው እዚያ ነው፣ ጆንያ በሚሰፋበት ጥቁር ክር፣ ረጃጅም ሆኖ ተወጋግቶ። ቀበሮውም ወደ ኋላ ዞሯል። ልጁ ወደፊት ሲሄድ ቀበሮው ጅራቱን አስቀድሞ ይሄዳል።

ዱባለ ሰልፉን አቁሞ ሲመለከት እሱም አየው።

“ጎበዝ፣ ያንተ ቀበሮ ማንን አይቶ ነው የሚሸሸው?” አለ።

ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ከፊት የቆሙት እትዬ ጥሩሸዋ አብረው ሊስቁ ጀመሩና ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጽናት ማንም ሳይነግራት ሁሉን አወቀች። ሰው የራሱን ልጅ እንደሚያውቅ እሷም ስፌቷን ታውቃለች፤ ያ የሷ እጅ አይደለም፤ የሷ እጅ ተነቅሎ ተጥሏል።

እሱ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አሁን ይመጣል አለች በሆዷ። ቢስቁበትም ይመጣል። ሰልፉ ተበተነ፣ ሰዉ ልጆቹን እየሳመ ነው። ናሁሰናይ አንድ እርምጃ ወደሷ ተራመደ። እትዬ ጥሩሸዋ ክንዱን ያዙት። እሱም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ ከእናቱ ጋር ዞሮ ሄደ።

ጽናት ነጠላዋን እላይዋ ላይ ጠቅልላ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ያን የታጠበ እጇን በረዳት።

ከሰዓት በኋላ ናሁሰናይ መጣ። ኮቱን እንደለበሰ ነው። አረጋሽ ስታየው ሽንኩርቷን ትታ ራቅ አለች፤ ለነገሩ ጆሮዋ አልራቀም።

“ጽናት” አለ ከደጅ ቆሞ።

“ግባ። ኮቱን ልየው።”

ጥቁሩን ክር በጣቷ ጫፍ ነካችው። “የማን እጅ ነው?”

“የእናቴ። ማን ሰፋልህ አለችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም።”

“ምን አሉ?”

እሱ ፊቱን ወደ ደጅ አዞረ።

“ንገረኝ ግድ የለም። አዲስ ስድብ አይኖራቸውም፤ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።”

“የሸማኔ ልጅ መርፌ የነካው ልብስ ለብሰህ እዚያ ቁር ላይ ብቻህን አትቆምም አለች። ጧት ስነሳ ፈትታው ነበር። ‘ግራ ምን በረከት አለው፣ በቀኝህ ሰፋሁልህ፣ በቀኝ ያውልህ’ ብላ መረቀችኝ። ዓይኗ ደክሟል፣ መርፌው ጣቷን ወግቷታል። እያለቀሰች ነው ያለበሰችኝ ጽናት። ምን ላድርግ? እናቴ ናት።”

“እናትህን ተቆጣቸው አላልኩህም። እኔም እናት ብትኖረኝ እንዲያ እንድታለቅስብኝ አልፈልግም ነበር። የፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ለብሰኸው የወጣኸው ግን አንተ ነህ። ይሁን፣ ልበሰው። እጅህስ? አንድ እንደምን አደርሽ ለማለት እጅህ መዘርጋት አቃተው?”

“ሰዉ እየሳቀብኝ ነበር።”

“እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው የሚስቁብኝ።”

ናሁሰናይ ኮቱን አውልቆ ወደሷ ገፋው። “ስፊው። አሁን ፍቺውና እንደ መጀመሪያው ስፊልኝ። አልሰማትም ከእንግዲህ።”

ጽናት ኮቱን አየችው። እጇ ሊያነሳው ፈልጎ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ነው የፈለገው።

“አልሰፋውም” አለች። “ዛሬ በድብቅ ብሰፋው ነገ ተደብቆ ይፈታል። እንዲህ ስንሰፋና ስንፈታ እናረጃለን። የፈታው ሰው ያምጣው፤ ያኔ እሰፋዋለሁ። ሂድ አሁን።”

ብዙ ቆመ። ከዚያ ኮቱን ሰብስቦ ሄደ። ጽናት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ራሷን መኪናው ላይ ደፍታ፣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ሲወጣላት ስልኳን አንስታ ደብረ ብርሃን ደወለች። “በቅዳሜ መኪና እመጣለሁ” አለች።

ለአባቷ ስትነግራቸው አቶ ደመላሽ እግራቸውን ሰደው ከሚሸምኑበት ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። መወርወሪያውን አቆሙ።

“በኔ የተነሳ ነው የምትሄጂው” አሉ።

“ኧረ አይደለም አባዬ።”

“ነው እንጂ። እኔ እኮ አልከፋም ልጄ። የሚያሙኝ የኔን ባና ተከናንበው ነው። ሞቋቸው ነው የሚያሙኝ። ይሄን እያሰብኩ እስቃለሁ።” ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳቁ ግን አልመጣ አላቸው። “አንቺ ግን እንደኔ ሳቂ አልልሽም። ሂጂ።”

በሳምንቱ መሀል አረጋሽ እየሮጠች መጣች። ወሬ ስትይዝ አረማመዷ ይለያል።

“ሰማሽ? ያ ልጅ ኮቱን ጥሎ ባና ደርቦ ነው ጓሳ የሚወጣው አሉ። ዱባለ ጠርቶ፣ ‘የደንብ ልብስህን ካልለበስክ ከቅዳሜ በኋላ ሌላ ሰው እተካለሁ’ ቢለው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‘የፈታው ሰው አሰፍቶ እስኪያመጣልኝ አልለብሰውም።’ ዱባለ ምኑም አልገባው። እኔ ግን ገብቶኛል።” ጽናትን በጎን አየቻት። “ላንቺስ?”

“እኔ ምን አገባኝ” አለች ጽናት።

ልቧ ግን ዘለለ። የሷን ቃል ነው የተናገረው፣ ያውም በአለቃው ፊት። ከዚያ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ የጣለው ትዝ አላት። ልቧን ቁጭ በል አለችው። ጓሳው ላይ በረዶ የሚያድርበት ወር ነው፤ ባና ብቻ ደርቦ እዚያ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል እያሰበች ጨርቅ ስትቆርጥ አበላሸች።

ቅዳሜ ደረሰ። ጽናት ጨርቋን ጠቅልላ፣ የስፌት መኪናዋን በጆንያ ሸፍና በገመድ አሰረችው። የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ ረዳት ከወዲያ ማዶ እየጮኸ ነው። ገበያው ደምቋል፤ በግ የሚጎትተው፣ ገብስ የሚሰፍረው፣ ባና ዘርግቶ የሚያማርጠው። አረጋሽ እንባዋን በሽንኩርቱ እያመካኘች ትጠርጋለች።

ድንገት አካባቢው ጸጥ አለ። ጽናት ቀና ስትል እትዬ ጥሩሸዋ ከሱቋ ደጅ ቆመዋል። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። በክንዳቸው ላይ አረንጓዴው ኮት ተጣጥፏል።

“እንደምን አደሩ እማማ” አለች ጽናት፤ ድምፅዋ ከየት እንደወጣ እንጃ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ልትሄጂ ነው?”

“አዎ።”

እትዬ ጥሩሸዋ የታሰረውን መኪና አዩ፣ ኮቱን አዩ፣ በጎን ጆሮውን የቀሰረውን ገበያተኛ አዩ። ድምፃቸውን አልቀነሱም። ዝቅ ማለት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው።

“የፈታሁት እኔ ነኝ። ይኸው ይዤው መጣሁ።”

ጽናት የጠቀለለችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

“ልጄ እንዲህ ያለ እልኸኛ አልነበረም” አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። “ሐሙስ ለታ ከጓሳ ከንፈሩ ጠቁሮ መጣ። ልብሱን ልበስ ብዬ ብለምነው የደረበውን ባና አውልቆ ከፊቴ ዘረጋው። ‘ይሄን ማን ሸመነው?’ አለኝ። ደመላሽ አልኩት። ‘አንቺ የምትተኚበትንስ?’ ደመላሽ። ‘እኔ ስወለድ የጠቀለልሽብኝንስ?’ እሱንም ደመላሽ። ‘አባቴ ሊሞት ሲል የለበሰውን?’” እዚህ ላይ ኮቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። “‘ታዲያ እናቴ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ተኝተንበት ያልበላን ዓይን ዛሬ በአንዲት ቀበሮ ነው የሚበላን?’ አለኝ። ባናውንማ ጸበል አስረጭቼበታለሁ ልለው ነበር። ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩ።”

አረጋሽ ከወዲያ ንፍጧን ሳበች።

“ከልጅነቴ የነገሩኝ ነው፤ በአንድ ሳምንት ከሆዴ ወጣ ብዬ አልዋሽሽም” አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። “ግን የኔ ልጅ በኔ ክር በሰው ሁሉ ተሳቀበት። ባንቺ ክር ግን ማንም አልሳቀበትም ነበር። ስፊው።”

“መኪናው ታስሯል እማማ።”

“መጀመሪያ በመኪና ነው እንዴ የሰፋሽው? ስፈታው ዓይቼዋለሁ እኮ። ለመፍታት እንኳ ጫፉን አጥቼው ነው ያነጋሁት።”

ጽናት ሳታስበው ፈገግ አለች። በርጩማዋን አወጣችላቸው። እትዬ ጥሩሸዋ በርጩማውን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ያ ሁሉ ገበያ እያያቸው፣ በሸማኔው ልጅ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ጽናት ከጓዟ ውስጥ መርፌና አረንጓዴ ክር ፈለገች። ጥቁሩን ክር ቀስ አድርጋ ፈታች፤ አልጣለችውም፣ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። አርማውን ከግራው ትከሻ ስፌት ሦስት ጣት ዝቅ አድርጋ ወሰወሰች። የሚኒባሱ ረዳት የመጨረሻውን ጠራ። አልሰማችውም።

“ግራ ላይ ልትሰፊው ነው?” አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

“አዎ። እዩት፣ እዚህ ሲሆን አፍንጫው ወደፊት ነው። ቀኝ ላይ ሲሆን ጥሎት ይሄዳል።” ክሩን ሳብ አደረገችና፣ “ልብም እኮ ያለው በግራ ነው እማማ” አለች።

እትዬ ጥሩሸዋ ከመርፌዋ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። ዞራ ዞራ ጨርሳ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ስትደብቅ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣

“እኔ እንኳ ቀኝ ያውለው ብዬ ነው” አሉ፤ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

“አውቃለሁ። ምርቃትዎን አልፈታም።” ጽናት የቀኙን እጅጌ ገለበጠች። መርፌው የበሳሳውን ቦታ ከውስጥ በኩል፣ ያንኑ ጥቁር ክር ከጣቷ ላይ ፈትታ፣ በትንሽ መስቀል ሰፋችው። “ከላይ አይታይም። የእርስዎ ምርቃት በቀኙ ይኖራል።”

እትዬ ጥሩሸዋ ኮቱን ተቀበሏት። በአውራ ጣታቸው መስቀሏን ዳሰሷት። ከዚያ ተነሱ። እኔ የዚያን ቀን ገበያው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሲምል የሰማሁት ይሄን ነው፤ እትዬ ጥሩሸዋ ኮቱን አላጠፉትም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ እጃቸውን አስገቡ፣ ሌላውን አስገቡ፣ ለበሱት። የልጃቸው ኮት እስከ ጉልበታቸው ወረደ።

“ይነፍሳል ዛሬ” አሉ።

የዚያን ጊዜ ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች።

“እሑድ ሽማግሌ ይመጣባችኋል። አባትሽን ንገሪያቸው፣ ቶሎ እሺ እንዳይሉ። ትንሽ ያስቁሟቸው። እንዲህ ያለች ልጅ በአንድ ልመና አትሰጥም።”

ብለው በገበያው መሀል ሄዱ። ዳር ዳሩን አልሄዱም፤ በመሀሉ ነው። በግ ጎታቹም ባና አማራጩም መንገድ ለቀቀላቸው። ቀበሮው ከግራ ክንዳቸው ላይ አብሯቸው ወደፊት ይራመዳል።

ከገበያው ጫፍ ባና የደረበ ሰው ቆሞ ነበር። ጽናት ከሩቅ አወቀችው። እትዬ ጥሩሸዋ አጠገቡ ሲደርሱ ኮቱን አውልቀው በእጃቸው አለበሱት፣ ቁልፉን ቆለፉለት፣ በመዳፋቸው ደረቱን ገፋ አድርገው ወደ ገበያው አዞሩት።

መጣ። በቀስታ ነው የመጣው፤ ግን ዓይኑን መሬት ላይ አልጣለም። ሰዉ ሁሉ ያየዋል። እሱም እንደሚያዩት ያውቃል። ጆሮው ቀልቷል። ከሱቁ ደጅ ደርሶ ቆመ፣ እጁን ዘረጋ።

“እንደምን አደርሽ ጽናት” አለ፣ ገበያው እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

ጽናት መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰክታ እጇን ሰጠችው። የሱ እጅ ከጓሳ ብርድ ሻክሯል፤ ጨብጦ አልለቀቀም። እሷም አልጎተተችውም።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለች። “እንደምን አደርክ ናሁ።”

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ሄደ፤ አረጋሽም ማንም ሳያዛት የስፌት መኪናውን ገመድ መፍታት ጀመረች። ጽናት እጇ በእጁ ውስጥ ሲሞቅ ተሰማት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መደበቅ ምን እንደሆነ እስክትረሳ ድረስ ደስ አላት።